ሮቶ ውስጥ የከረመች እንሰት

በውርጭ ሜዳ ሰው ከሰው ሲገናኝ መጀመሪያ የሚጠያየቀው ስለ ጤና አይደለም። «ጓሮሽ ባዶ ነው?» ይላል አንዱ። «ባዶ ነው፣ ይመስገን» ትላለች ሌላዋ። ስለ ልጅ፣ ስለ ጉንፋን፣ ስለ ነፋሱ የሚወራው ከዚያ በኋላ ነው። ሀሴት ለዚህ ሰላምታ አራት ዓመት ሙሉ የውሸት መልስ ስትሰጥ ኖራለች። መጀመሪያ ሰሞን ጆሮዋ ይግል ነበር፤ አሁን ግን ቃሉ ሳታስበው ከአፏ ይወጣል።

ጓሮ ባዶ መሆን ያለበት ከታኅሣሥ ሠላሳ ጀምሮ ነው። ያ ቀን የጠረጋ ቀን ይባላል። እያንዳንዱ ቤተሰብ በጓሮው ያለውን ሁሉ ከነሥሩ ነቅሎ፣ በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅጥቆ፣ ከመንደሩ ጫፍ ወዳለው ጉድጓድ ይወስዳል። ከማዕከል የሚታደለው ገብስና ድንች በአንድ ክረምት አድጎ የሚያልቅ ነው፤ ዘር አይሰጥም፣ ለከርሞም አይተርፍም። ዓመት ተሻግሮ በሕይወት የተገኘ ተክል «ከራሚ» ይባላል። ከራሚ በሽታ ያሻግራል ተብሏል። ደንቡን ያወጡት ሰዎች ክፉዎች አልነበሩም፤ በሁለት ሺህ አርባዎቹ ዋግ ከአንዱ ክረምት ወደ ሌላው እየተሻገረ የአገሩን ስንዴ ሲጨርስ ያዩ፣ ሰውም የቀበሩ ናቸው።

ከዚያ እስከ ግንቦት መሬቱ ራቁቱን ይከርማል። ሥር ያልያዘውን አፈር ነፋሱ እያነሳ በበርና በመስኮት ያስገባዋል። ሰው ጠዋት ሲነሳ ብርድ ልብሱ ላይ የተኛውን አፈር አራግፎ፣ ጠርጎ፣ በባልዲ ወደ ጓሮው ይመልሳል። የራሱ አፈር ይሁን የጎረቤቱ ማንም አይጠይቅም።

ከራሚ የተገኘበት ቤተሰብ በደጋ የመኖር ፈቃዱን ተነጥቆ ወደ ሸለቆ ይወርዳል። ሸለቆ ማለት ሰው ከረፋድ እስከ ማታ ሙቀቱን ሸሽቶ ከመሬት በታች የሚውልበት አገር ነው። የሀሴት ባል ባምላክ ሠላሳ ዓመት እዚያ ሾፌር ሆኖ ሠርቶ፣ ሳንባውን እዚያው ጥሎ የመጣ ሰው ነው። ሐኪሙ ነገሩን ሳያለባብስ ነግሮታል፤ ከተመለሰ አንድ በጋ አይሻገርም። ሀሴት ይህን እያወቀች ነው እንሰት የተከለችው።

ከቤቱ ጀርባ፣ የቧንቧ ውኃ ከመግባቱ በፊት ያገለግል የነበረ ጥቁር ሮቶ ቆሟል። አናቱን በመጋዝ ቆርጣ አንስታዋለች። ከውጭ ለሚያየው የተጣለ ዕቃ ነው። ውስጡ ግን እስከ ግማሹ አፈርና ፍግ ነው፤ መሐሉ ላይ እንሰቷ፣ ዙሪያዋን ደግሞ ሳማና ጦስኝ። ወደ ደጋ ሲመጡ ችግኟን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላ ከልብስ መሐል ያመጣቻት ራሷ ናት። በእናቷ አገር በእዣ የአራት ዓመት እንሰት ከቤት ጣሪያ ይወዳደራል፤ ይህችኛዋ ብርዱ አቀጭጯት ከወገብ አታልፍም። ግን አልሞተችም። ጥቁሩ ፕላስቲክ ቀን የጠጣውን ፀሐይ ሌሊት ይመልስላታል። ሲመሽ ሀሴት መሰላል ላይ ወጥታ ማዳበሪያ ታለብሳታለች፤ ማለዳ፣ መንገዱ ዳር ምሰሶው ላይ ያለው የማዕከሉ ዓይን በፀሐይ ሳይነቃ፣ ትገልጥላታለች። ዓይኑ ያያልም ይሰማልም፣ የሮቶውን ከንፈር እንጂ ውስጡን ግን አያገኘውም።

«አንቺ ሴትዮ፣ ቁማር የምትጫወችው እኮ በኔ ሳንባ ነው» ይላታል ባምላክ፣ አየር ሲያጥረው።

«ባለፈው ነሐሴ በረዶ ገብሱን ሲያወርደው ምን በላህ?»

«ሳማ።»

«የማን ሳማ?»

ሁለት ወር ሙሉ፣ ራሽኑ በግማሽ ሲቆረጥ፣ ባምላክን ያቆመው የሮቶው ሳማ ነው። ጎረቤቱ ሁሉ ሲከሳ ሁለቱ ብዙም አልከሱም፤ ሀሴት በዚያ ሰሞን ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባ ነበር የምትወጣው። እንሰቷን ግን አልነኳትም። ሌላው ሁሉ ሲያልቅ የምትቀረዋ እሷ ናት ብላ አስቀምጣታለች።

ጥፋቱ የመጣው ከዳቦ ነው።

ለጥምቀት ሀሴት ከራሽኑ ያጠራቀመችውን ዱቄት አቡክታ ትንሽ ዳቦ ልትጋግር ተነሳች። ሊጡን ወደ ድስቱ ልታፈስ ስትል እጇ ቆመ። አራት ዓመት ሙሉ ኮባ ከአጠገቧ እያለ ዳቦ በባዶ ብረት ስትጋግር ኖራለች፤ በዚያች ጠዋት ትዕግሥቷ አለቀ። የምሰሶው ዓይን ሳይነቃ መሰላሉን ወጥታ ልትደርቅ የተቃረበችውን የታችኛዋን ቅጠል ቆረጠች፣ ድስቱ ውስጥ አነጠፈችና ሊጡን አፈሰሰችበት። ዳቦው ሲወጣ ኮባውን ልጣ እዚያው ምድጃው ውስጥ አቃጠለችው። ባምላክ ሲቆርስ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር።

በዓል ሲሆን ለጎረቤት ይላካል። አለመላክ ነው የሚያስጠረጥረው ብላ አንድ ቁራሽ በሳህን አድርጋ ለጋሽ ናሆም ወሰደች። ጋሽ ናሆም አጠገባቸው የሚኖሩ ጡረተኛ ናቸው፤ የመንደሩ ተጠሪም እሳቸው ናቸው። ሳህኑን ተቀብለው አመስግነው ዳቦውን ገለበጡት። የኮባው መስመር በዳቦው ጀርባ ላይ እንደ ደብተር ወረቀት ተሰልፎ ታትሟል። አውራ ጣታቸውን አሳለፉበት፤ ከዚያ ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት፣ ቆዩም።

«ምን ላይ ነው የጋገርሽው?»

«ድስት ላይ ነው፣ ጋሼ።»

«ደህና ድስት ነው» አሉ።

ሀሴት ቤቷ ገብታ በሩን ዘጋች። ለባምላክ አልነገረችውም።

በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ተቆጣጣሪው መጣ። ስሙ ኢምራን ይባላል፤ ሃምሳ ያለፈው፣ ጫማው በአቧራ የነጣ ሰው ነው። ደረቱ ላይ የሸሚዝ ቁልፍ የምታክል ዓይን አለችው፤ የምታየውንና የምትሰማውን ለማዕከል ታስተላልፋለች፣ ካስፈለጋትም ትናገራለች። ጋሽ ናሆም በምስክርነት ከኋላው ቆመዋል። ሀሴትን አላዩዋትም፤ መሬት መሬት ነበር የሚያዩት።

«ጓሮዎ ባዶ ነው፣ እትዬ?» አለ ኢምራን። ደንቡ ይህን አስቀድሞ እንዲጠይቅ ያዘዋል።

ሀሴት አፏን ከፈተች፤ የለመደችው መልስ አልመጣ አላት። «አይደለም» አለች። ከቤት ውስጥ የባምላክ ሳል ይሰማ ነበር፤ ይህን ሲሰማ ሳሉ ቀጥ አለ።

ኢምራን መሰላሉን ወጣ። ወደ ሮቶው ውስጥ አጎንብሶ ብዙ ቆየ። ከታች የሚታየው ሱሪውና ጫማው ብቻ ስለነበር ሀሴት ጫማውን ስታይ ነበር።

«የተክሉ ዕድሜ» አለች የደረቱ ዓይን፣ ለስለስ ባለ የሴት ድምፅ።

ኢምራን ክንዱን ወደ ታች ሲሰድ፣ የግንዱንም ሽፋኖች አንድ በአንድ ሲዳስስ ከድምፁ ታወቃት። እንሰት የሚያውቅ ሰው ዕድሜዋን የሚያነበው ከዚያ ነው። አራት ዓመት ካለ አለቀላቸው፤ ዛሬ ሻንጣ፣ ነገ መኪና፣ ከነገ ወዲያ ሸለቆ።

«በዕድሜ ሠንጠረዡ መሠረት» አለ ኢምራን፣ ቃሉን እየመረጠ፣ «ቁመቱ ከአንድ ሜትር በታች የሆነ እንሰት አንድ ዓመት አልሞላውም።»

«ተቀብያለሁ» አለች ዓይኗ።

ሠንጠረዡ የተሠራው ሞቃት አገር በበቀለ እንሰት ነው፤ ብርድ ያቀጨጨው እንሰት በሠንጠረዡ የለም። ሰውየው ይህን ሳያውቅ ይሁን አውቆ ሀሴት አልገባትም። ዓመት ላልሞላው ቅጣቱ ቀላል ነው፤ ባለቤቱ በገዛ እጁ ይገድለዋል፣ በስልሳኛው ቀን ምርመራ ይደረጋል። ያን ቀን በሕይወት ከተገኘ ግን የተገኘበት ጓሮ ባለቤት፣ ማንም ይሁን ማን፣ ፈቃዱን ያጣል። አስቀድሞ ነቅሎ ያስታወቀ ብቻ ምሕረት ያገኛል።

ኢምራን ወርዶ ከኪሱ አንድ ወረቀት አወጣና ጮክ ብሎ አነበበ። «ደንብ አሥራ አራት። ተክሉን ከመሬት አንድ ስንዝር ትቶ መቁረጥ። ሥሩን ቆፍሮ ማውጣት። ልቡን ፈልፍሎ መጣል። የቀረውን አራት ቦታ ከፍሎ በተለያየ ሥፍራ መቅበር።»

ሀሴት ጆሮዋን ማመን አቃታት። ደንቡን የጻፉት ሰዎች ስንዴና ገብስ ነው የሚያውቁት፤ ልቡ የወጣ ነገር አይተርፍም ብለው ነው የጻፉት። ያነበበላት ግን እናቷ በየዓመቱ ታኅሣሥ ላይ ትሠራው የነበረውን ሥራ ነው። እናቷ አንዲት እንሰት ትቆርጣለች፣ ልቧን ትፈለፍላለች፣ ከፍላ ትቀብራታለች። ልቧ ያለ እንሰት ብቻዋን ታድጋለች፤ ልቧ የወጣች ግን በዙሪያዋ ችግኝ ታፈላለች፣ ሃምሳም መቶም። እንሰት የሚባዛው እንዲህ ነው። ሀሴት እስከ ዛሬ ያላደረገችው ያን ሁሉ ችግኝ የምትደብቅበት ስለሌላት ብቻ ነበር።

አሁን የምትፈራው ፊቷን ነው። የልቧ እንዳይታይባት አንገቷን ደፍታ ኢምራን የዘረጋላትን ቢላዋ ተቀበለች።

ሮቶውን አጋድመው አፈሩን ዘረገፉት። ሳማውንና ጦስኙን ኢምራን ራሱ ነቅሎ በከረጢት አሰረው። እንሰቷን ሀሴት በስንዝሯ ለክታ ቆረጠቻት፤ ነጭ ውኃ እጇ ላይ ፈሰሰ። ልቧን መፈልፈል ስትጀምር ቢላዋው እስከ የት መግባት እንዳለበት አላወቀችም። እናቷ ስታደርገው አየች እንጂ በእጇ አድርጋው አታውቅም፤ በዚህ ብርድ ላይ ደግሞ ማንም አድርጎት አያውቅም። ምናልባት እውነትም እየገደለቻት ነው። እንባዋ የወረደው ከዚህ የተነሳ ነው፣ የማስመሰል አልነበረም።

«አገርዎ የት ነው፣ እትዬ?» አለ ኢምራን።

«እናቴ የእዣ ናት።» ከአፏ ካመለጣት በኋላ ክው አለች።

«የኔ እናት የስልጤ ናት» አለ።

ስልጤም የእንሰት አገር ነው፤ እንሰት ጓሮ ያደገ ልጅ ሁሉ ይህን ሥራ አይቷል፤ ጉድጓዱንም ቆፍሯል። እንግዲህ ሰውየው ያውቃል። ሀሴት መፈልፈሏን አቆመች።

«ዳግም የማቆጥቆጥ ጥርጣሬ አለ?» አለች የደረቱ ዓይን።

ኢምራን ከቦርሳው ሰማያዊ ጠርሙስ አወጣ። አጠራጣሪ ሥር ላይ የሚፈስ መድኃኒት ነው፤ ያረፈበት መሬት ለሰባት ዓመት ሣር አያበቅልም። ክዳኑን ፈታው። ጋሽ ናሆም አፍንጫቸውን ይዘው ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አሉ።

«ልቡ ወጥቷል» አለ ኢምራን።

«የተጠየቀው ጥርጣሬ ነው።»

ነፋሱ በሮቶው አፍ እየገባ ያፏጫል። ኢምራን የተፈለፈለውን ሥር አየ፤ ከዚያ የሀሴትን እጅ አየ፤ ጠርሙሱን እንደያዘ ከበሩ ኋላ ጉሮሮውን አፍኖ ላለማሳል ወደሚታገለው ሰው አቅጣጫ ዞረ።

«የለም» አለ። «ምንም ጥርጣሬ የለኝም።»

አልዋሸም። ምን እንደሚሆን በደንብ ያውቃል።

ጠርሙሱን ከድኖ ወደ ቦርሳው መለሰ። «ስትቀብሩት ፍግ ደርቡበት» አለ፣ ማንንም ሳያይ።

«ፍግ በደንቡ የለም» አለች ዓይኗ።

«ቶሎ እንዲበሰብስ ነው።»

«ተቀብያለሁ።»

ሀሴት ቀና አለች። ሰውየው ወረቀቱን እያጠፈ ነበር፤ ፊቱ ላይ ምንም አልነበረም።

አንዱ ቁራጭ እዚያው ጓሮዋ መሐል፣ ምሰሶው በሚያየው ቦታ ተቀበረ። አንዱ ወደ ጤና ጣቢያው ጀርባ ሄደ። ሦስተኛውን ምስክሩ ይወስዳል ሲባል ጋሽ ናሆም ተቆጡ።

«የሌላ ሰው ጥፋት የኔ ጓሮ ምን ይሠራል?»

«ደንብ ነው፣ አባቴ።»

ደንብ ሲባል ጋሽ ናሆም እጃቸውን ዘረጉ። ወስደው ምድጃው ከሚያሞቀው የማድ ቤታቸው ግድግዳ ሥር ቀበሩት፤ ፍግ ተብሏልና ፍጉን አላጓደሉም። አራተኛውን ኢምራን በጨርቅ ጠቅልሎ ቦርሳው ውስጥ አስገባ። «ለናሙና» አለ።

ከዚያ በኋላ ያለው ቀን አላልፍ አለ። ሀሴት ጓሮዋ መሐል ያለችውን ትንሽ ጉብታ በመስኮት እያየች ትውላለች። ማታ ልታለብሳት ታስባለች፣ ባምላክን ታያለች፣ ትተወዋለች። በየካቲት አጋማሽ ሦስት ቀን ተከታታይ ውርጭ ወረደ። በአርባኛው ቀን አፈር የምትመልስ መስላ ጉብታውን በባልዲው ጫፍ ገለጥ አደረገችው። ቁራጩ ጠቁሮ ላሽቋል፤ ሲነኩት እንደ ሳሙና ይሟሟል። አፈሩን መልሳ ገባች፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«ምነው?» አላት ባምላክ።

«ጓሯችን ባዶ ነው» አለች። በአራት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ እውነት ነበር።

መጋቢት ሲገባ ማዕከሉ የዘር ቀን ከግንቦት ወደ ሐምሌ መዛወሩን አስታወቀ። ራሽኑ በሩብ ተቀነሰ። ሳማ የለም። የባምላክ ጉንጭ ገባ፤ ቀበቶው ላይ አዲስ ቀዳዳ በምስማር አበጀ።

በሃምሳ ስምንተኛው ቀን ማለዳ፣ ፀሐይ ሳትወጣ በሩ ተንኳኳ። ጋሽ ናሆም ነበሩ፤ ካፖርታቸውን ፒጃማቸው ላይ ደርበዋል።

«ጓሮሽ ባዶ ነው?» አሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«ባዶ ነው» አለች ሀሴት። ይመስገን አላለችም።

«የኔ አይደለም።»

ሀሴት የበሩን መቃን ያዘች። «ስንት ሆነ?»

«ሃያ ሦስት። ትናንት አሥራ ዘጠኝ ነበር። በየቀኑ ነው የሚወጣው፣ ምን ዓይነት ነገር ነው?»

«ነቅለው ማስታወቅ ይችሉ ነበር፣ ጋሼ።»

«እችል ነበር። ሁለት ጊዜ አጎንብሻለሁ።» ወደ ምሰሶው ዞር ብለው አዩ፤ ዓይኑ ገና ጥቁር ነው። «እናቴ ለፋሲካ በኮባ ነበር የምትጋግረው። ሽታውን ከሰባት ዓመቴ ወዲህ አላገኘሁትም ነበር። ዳቦሽን በልቼ ስጨርስ ነው ሄጄ የተናገርኩብሽ። በልቼ ስጨርስ።»

«አውቃለሁ» አለች ሀሴት።

በሩን ልትዘጋባቸው ፈለገች። ከዚያም በላይ ትችላለች፤ አሁን ፀሐይ እስክትወጣ ጠብቃ ለዓይኑ አንዲት ቃል ብትናገር ሸለቆ የሚወርዱት እሳቸው ናቸው፣ እሷና ባምላክ ነፃ ናቸው። ሽማግሌውም ይህን አውቀው ነው የመጡት። ከኋላዋ ባምላክ ሲተነፍስ ይሰማታል፣ እንደ ወንፊት። ሃያ ሦስት እግር እንሰት። ማንም የማያድለው፣ በረዶ የማይጨርሰው።

«ተቆጣጣሪው ከነገ ወዲያ ነው የሚመጣው» አሉ ጋሽ ናሆም። «ያንን ሮቶ እስቲ አውሺኝ።»

ሀሴት ጫማዋን አደረገችና በጀርባ ወጣች። ሮቶው እንደተጋደመ፣ አንድ ጊዜ ተፈትሾ ንጹሕ ነው፣ ዳግም አይፈተሽም ተብሎ የተጻፈበት ወረቀት ሆዱ ላይ ተለጥፎ ተኝቷል። እሷ በአንድ በኩል፣ እሳቸው በአንድ በኩል ይዘው አነሱት። ባዶው ሮቶ ቀላል ነበር።

«አሥሩ የኛ ነው» አለች መንገድ ላይ።

«አሥራ ሁለቱን ውሰጂ።»

ከማድ ቤቱ ግድግዳ ሥር ችግኞቹ ተፋፍገው ቆመዋል፣ ጫፋቸው ቀላ ያለ፣ ቅጠላቸው ገና እንደ ሲጋራ የተጠቀለለ። ሀሴት ተንበረከከች። እጇን በመሐላቸው አሳለፈች፣ አንድም ሳትነቅል። ከዚያ ሁለቱም ሮቶውን ግድግዳው ጥግ አቆሙት፣ ፍጉን በአካፋ ሞሉበት፣ ሥሩን ከነችግኞቹ ተሸክመው አወረዱት።

«ሲመሽ ማዳበሪያ ያልብሷቸው» አለቻቸው። «ማለዳ ዓይኑ ሳይነቃ ይግለጡላቸው። አንድ ቀን እንኳ እንዳይረሱ።»

በር ላይ ሲደርሱ ፀሐይዋ ምሰሶውን ነካችው። ዓይኑ አንዴ ብልጭ ብሎ በራ፣ ወደ እነሱም ዞረ። ሁለት ጎረቤታሞች ማለዳ ቆመዋል፤ ሰላምታ መለዋወጥ አለባቸው።

«ጓሮዎ ባዶ ነው፣ ጋሼ?» አለች ሀሴት፣ ጮክ ብላ።

ጋሽ ናሆም ጆሯቸው ጫፉ ድረስ ቀላ። «ባዶ ነው» አሉ። «ይመስገን።»

ሀሴት እጃቸውን ለመጨበጥ ጠጋ አለችና በጆሯቸው አጠገብ፣ ለሳቸው ብቻ፣ «ይለምዱታል» አለቻቸው።